ከቡሬ ጋር የተጫወትንባቸው ዓመታት

የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ የተወለደው ከማይስማሙ ሁለት ሰፈሮች ነው። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ከዚያ ጠብ ካልጀመርኩ ታሪኩ አይገባም ብዬ ነው።

እኔ የፍኖተ ሰላም ገበያ ሰፈር ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የእሳቸውም አባት ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ገበያ በማይቆምበት ቀን ከብት ተራው ባዶ ስለሚሆን እዚያ እንጫወት ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የነጋዴውም የጋሪ ነጂውም ልጅ አንድ ላይ። ከዋናው አስፋልት በላይ ያሉት ልጆች ደግሞ የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። እኛ "ላዮች" እንላቸዋለን፤ እነሱ እኛን በገበያው ሚዛን ስም "ሚዛኖች" ይሉናል። ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ ጨዋታው የሚያልቀው ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ሳይሆን አንዱ ድንጋይ ሲያነሣ ነበር።

የዞን ውድድር መጣና ከየከተማው አንድ ቡድን ብቻ ይቅረብ ተባለ፤ መጀመሪያ የምንገጥመውም ጎረቤታችንን ቡሬን ነው። ማን ይወክል የሚለው ክርክር ሽማግሌ እስከማስቀመጥ ደረሰ። ነገሩን የቆረጡት የስፖርት መምህራችን ናቸው። ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ይበልጥ የሚወርድ ሰው ነበሩ። ሁለታችንንም ቡድን ትምህርት ቤቱ ሜዳ ጠሩን። እኛ በአንዱ ግብ ሥር ተሰብስበን ቆምን፣ ላዮች በሌላኛው። እሳቸው መሀል ሜዳ ላይ ኳሷን አስቀምጠው ዝም አሉ። ብዙ ጠበቅን። በመጨረሻ የሰለቸው ከዚህም ከዚያም ወደ ኳሷ መራመድ ጀመረ፤ ሁላችንም መሀል ላይ ተገናኘን። ያን ጊዜ እንዲህ አሉን፦

"ቡሬዎች አምስት ጎል ሲያገቡባችሁ 'ላዮች ላይ አገባን፣ ሚዛኖች ላይ አገባን' አይሉም። 'ፍኖተ ሰላም ላይ አገባን' ነው የሚሉት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ቡድን ሆንን። የተዋደድን አይምሰላችሁ። እኔ መሀል ተከላካይ ነኝ፤ ከጎኔ እንዲቆም የተመደበልኝ ከላይ ሰፈር የመጣ ዲያቆን ነበር። ከዓመት በፊት በድንጋይ ግንባሬን ያቆሰለኝ እሱ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም አላነሣነውም። ለሳምንታት ከ"ያንተ!" እና ከ"ተወው!" ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ሁለቱ ቃላት ግን ለተከላካይ ይበቃሉ። ስንግባባ በጣም ተግባባን።

ማሊያችን የተገኘው ከአባቴ ሱቅ ነው። አባቴ ኳስ አይወዱም ነበር። "የሚራገጥ በቅሎ ጭነት አይጫንም" ይሉኛል፣ ሱቁን ጥዬ ልምምድ በሄድኩ ቁጥር። ሱቃችን ውስጥ ግን ለተማሪ ልብስ ብለው አስመጥተውት ገዢ ያጣ ጥቁር አረንጓዴ ጣቃ ነበር። መምህሩ መጥተው በትሕትና ሲጠይቁ አባቴ ጨርቁን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ ብል ከሚበላው ልጆች ይልበሱት አሉ። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ ሰፋልን። ጨርቁ ወፍራም ስለነበር በፀሐይ ያፍናል፤ ዝናብ ሲመታው እንደ ጋቢ ይከብዳል። ከቤት ያመጣነው ቁምጣ ደግሞ የየራሱ ቀለም አለው። እንዲያም ሆኖ አረንጓዴው የእኛ ሆነ፤ እስከ ዛሬም አልተለወጠም።

ሌላው ጣጣ ምግብ ነበር። ለጨዋታ ስንወጣ የክርስቲያን ሥጋ እኛ ሙስሊሞቹ አንበላ፣ የእስላም ሥጋ እነሱ አይበሉ፤ በሁለት ገበታ ብንቀመጥ ደግሞ ተመልሰን ሁለት ሰፈር ልንሆን ነው። መምህሩ ይህንንም ቆረጡት። ፍስክም ይሁን ጾም፣ ቡድኑ ከቤት ከወጣ የሚበላው ሽሮና ምስር ብቻ ነው አሉ። አጥቂዎቹ በሽሮ እንዴት ይሮጣል ብለው አጉረመረሙ። ከአንድ ትሪ የበላ ሰው ግን ኳስ ለመስጠት አይሰስትም፤ ይህን ዓይኔ አይቷል። በረመዳን እኛ ስንደክም ዲያቆኑ የእኔንም ቦታ ደርቦ ይሮጥልኝ ነበር። በሁዳዴ ደግሞ እሱ ሲዝል ተራው የእኔ ነው።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ቡሬ ሄደን ተሸነፍን። በጭነት አይሱዙ ተሳፍረን፣ በማንኩሳ ስናልፍ እየዘፈንን ሄድን። ስንመለስ የዘፈነ የለም። የቡሬ ደጋፊ አፉ ስል ነው። ገና ከመኪና ስንወርድ አንዱ ብድግ ብሎ እንዲህ ሲል ገጠመብን፦

"ፍኖት ብለው ሲጠሩህ መንገድ ማለት ነው፣
መንገድ ደግሞ ሥራው መረገጥ ብቻ ነው።"

ሕዝቡ ተቀበለው። በከተማችን ስም እንዲህ ያለ ወርቅ ሲወጣ ስሰማ፣ ልክ ስለሆነ፣ ይበልጥ አንገበገበኝ።

ሜዳ ላይ ደግሞ የከፋ ነገር ጠበቀኝ። ቡሬዎች አንድ አጥቂ ነበራቸው፤ ከከተማው ወጣ ካለ ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ፣ እኔን በአንድ ራስ የሚበልጥ፣ ሲዘል ተመልሶ የሚወርድ የማይመስል። ኮርና በተመታ ቁጥር ቴስታ ይመታል። የፈለገውን ያህል አገባብን። አንዱን ካገባ በኋላ ወደ መሀል ሲመለስ በአጠገቤ አለፈና ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ኳሷን አትይ፤ እኔን እይ። ኳሷማ ወደ እኔ ነው የምትመጣው" አለኝ።

በንቀት ነበር የተናገረው። እኔ ግን እንደ ትምህርት ይዤው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከቡሬ ጋር ስንጫወት ኳሷ የት እንዳለች የማውቀው ከሱ ዓይን ነበር። እሱ ቀና ሲል ቀና እላለሁ፤ እግሩን ሲሰበስብ እሰበስባለሁ። አንዳንዴ ያሸንፉናል፣ አንዳንዴ አቻ እንለያያለን። ለግጥማቸውም መልስ ተገኘለት። በርበሬ የቡሬ ኩራት ነውና እነሱ ወደ እኛ ሲመጡ ከብት ተራው ሰፈር ያሉ ሴቶች እንዲህ ብለው ተቀበሏቸው፦

"በርበሬ ቢቀላ ቢሰጣ በፀሐይ፣
መጨረሻው መወቀጥ አይደለም ወይ?"

የቡሬ ልጆች ራሳቸው ሳቁ። እንዲህ ያለው ፉክክር ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሆኖ የማይቀርበት ቀን ግን ይመጣል።

ያ ቀን የመጣው በእኛ ሜዳ ላይ ነው። ኮርና ነበር። እኔና እሱ እኩል ዘለልን፤ ክርኑ ይሁን ጉልበቱ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ስወድቅ የትከሻዬ አጥንት ሲሰበር ራሴ ሰማሁት። ኳሷ ከሱ ጭንቅላት ተነሥታ መረብ ገባች። ዳኛው ጎሉን አጸደቀ። እሱ እጁን ዘርግቶ ወደ ደጋፊዎቹ ሮጠ። እኔ መሬት ላይ ነኝ፤ ዲያቆኑ ራሴን ደግፎ ይዞኝ፣ "አትንቀሳቀስ፣ አትንቀሳቀስ" ይለኛል።

ከዚያ ሰዉ ወደ ሜዳ መግባት ጀመረ። የእኛ ሰው። አብዛኛው ዱላ ይዟል፤ ጎጃም ውስጥ ዱላ የማይዝ ማን አለ? ቡሬዎች ወደ አይሱዟቸው ማፈግፈግ ጀመሩ፤ ያ ረጅም ልጅ ግን ሲሮጥ ከጓደኞቹ ርቆ ስለነበር ደጋፊዎቹ ጋ ሳይደርስ መንገዱ ተቆርጦበት ለብቻው ቀረ። በወደቅኩበት ሆኜ አየዋለሁ። ደስታው ከፊቱ ላይ ጠፍቶ ነበር።

በዚህ መሀል ማንን ባይ ጥሩ ነው? አባቴን። ለካስ ሳይነግሩኝ መጥተው ከሰው ኋላ ቆመው ያዩ ነበር። ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ፣ ሳይሮጡ፣ በመሀል ሜዳ አልፈው ከልጁ ፊት ቆሙ። ጀርባቸውን ለሱ ሰጡ፣ ፊታቸውን ለሕዝቡ።

"የተመታው የእኔ ልጅ ነው" አሉ። "ከሳሽ ካለ ከሳሹ እኔ ነኝ። እኔ ሳልከስስ ማነው የሚፈርደው? ሂዱ፣ ተቀመጡ።"

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። በሱቅ ውስጥ ዋጋ ሲናገሩ እንደሚያደርጉት፣ አንድ ጊዜ ተናግረው ጨረሱ። ሰዉ መጀመሪያ ቆመ፤ ቀጥሎ ዱላውን አወረደ፤ ቀጥሎ ማጉረምረም ብቻ ሆነ። አባቴ ልጁን በክንዱ ይዘው እስከ መኪናቸው ሸኙት። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ጎንበስ አሉና፣ "እኔ ልሂድ፣ ወጌሻ ልጥራ" ብቻ አሉኝ።

ወጌሻው አጥንቴን ገጥሞ አሰረልኝ። ክረምቱን በሙሉ ሱቅ ተቀምጬ ጨርቅ ለካሁ። በአባቴ ብኮራም በዚያ ልጅ ላይ ያለኝ ቂም አልጠፋም፤ ስወድቅ ሳያየኝ ሮጦ መደሰቱ ነበር የቆረቆረኝ። መምህሩ ሲጠይቁኝ መጥተው ይህንኑ ነገርኳቸው። ቂምህን ይዘህ ቆይ፣ ግን ቡሬ ሜዳ ላይ አውጣው፣ ሌላ ቦታ እንዳታወጣው አሉኝ።

እንዳሉት አደረግሁ። በሚቀጥለው ውድድር ቡሬ ሄደን አሸነፍን። ጎሏን ያገባው ከላዮች የመጣ የመስመር አጥቂ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያነሣው እሱን ነው፣ ይገባዋልም። እኔ ግን ያን ቀን የሠራሁትን ራሴ አውቃለሁ። ያ ረጅም ልጅ ከእኔ ነፃ ሆኖ አንዲትም ቴስታ አልመታም። በዘለለ ቁጥር እዘላለሁ፤ የተጠገነው ትከሻዬ ከትከሻው ጋር ሲጋጭ ይጠዘጥዘኛል፣ ደግሜ እዘላለሁ። ሲያልቅ አልተጨባበጥንም። በማንኩሳ ስናልፍ ግን የምንዘፍነው እኛ ነበርን። እስከ ከተማችን መግቢያ ድረስ ሰው ወጥቶ ጠበቀን፤ ላዮችና ሚዛኖች የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ ለቀልድ ካልሆነ አልተጠራም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት መልካም ነበሩ። ደብረ ማርቆስ ተጫውተናል፣ ባሕር ዳርም ደርሰናል፤ ዱርቤቴ ላይ ዝናብ ይዞን ያ ማሊያ እንደ ጆንያ ከብዶብን ያሸነፍንበት ቀንም አለ። እኔ አምበል ሆንኩ። አግብቼ ወለድኩ፣ አባቴ ሲያረጁ ሱቁን ተረከብኩ፣ ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ማሊያውን ለሌላ ተከላካይ ሰጠሁ። መምህሩ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ባሕር ዳር ገቡ። ሲሄዱ ፊሽካቸውን ለእኔ አልሰጡኝም። ፊሽካማ ገዝተህ ትነፋለህ፣ ሰውን ዝም ብሎ መጠበቅን ግን ከእኔ ተምረሃል አሉኝ።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። የሆነውን ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ እዚህ አልዘረዝረውም። መንገድ ሲዘጋ ውድድርም ተዘጋ። ወጣቶቹ ተበታተኑ። ሜዳችን ባዶውን ሲውል ለኮብልስቶን የሚሆን ድንጋይ ይጠረብበት ጀመር፤ ጠራቢዎቹም ሌላ ቦታ ስላጡ ነው እንጂ ክፋት የላቸውም። ሥራው አልቆ ሲሄዱ ግን ፍርካሹ እንዳለ ቀረ፤ ከግብ እስከ ግብ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ድንጋይ። ከላዩ ሣር በቀለበት። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። ክለቡ አለ ወይ ብሎ ለጠየቀኝ አለ እለዋለሁ። የቡድኑ ማሊያ ሱቄ ውስጥ ካርቶን ውስጥ ነበር፤ ያለውም እሱ ብቻ ነበር።

መንገዱ ተከፍቶ ሰው መመላለስ ሲጀምር፣ በአንድ የገበያ ቀን ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ሱቄ ገባ። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ወፈር ብሏል። ለሚስቱ የቀሚስ ጨርቅ ፈልጎ እንደመጣ ነገረኝ። ጨርቅ አወረድኩለት። እኔ አውቄዋለሁ፤ እሱም እንዳወቀኝ ገብቶኛል። ሁለታችንም ስለ ጨርቁ ብዙ አወራን። መልኩን አነሣን፣ ጥራቱን አነሣን። በመጨረሻ ጨርቁን ወደ ጎን ገፋ አደረገና፣ "እኔ ጨርቅ ቡሬም አላጣም" አለ። "የመጣሁት ልጠይቅህ ነው። መቼ ነው የምትመለሱት?"

አሁን የቡሬ ቡድን አሰልጣኝ እሱ እንደሆነ፣ ልጆቹን ሰብስቦ ልምምድ እንደጀመረ ነገረኝ። እኔም ሜዳችን ምን እንደሆነ፣ ልጆቹም የት የት እንደገቡ ዘርዝሬ ነገርኩት። ሲያዳምጠኝ ቆየና እንዲህ አለ፦

"እናንተ ከሌላችሁ እኛ ማንን አሸንፈን ነው ቡሬ የምንባለው?"

ይህን ሲል አባቴ ከሱቁ ጀርባ ካለው መደባቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን እንደ ወጣት ነው። ማነው ይሄ አሉኝ። ነገርኳቸው። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ወደ ውስጥ ገባና ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

"ሀጂ፣ ያን ቀን እርስዎ ባይነሡልኝ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር" አላቸው። "ላመሰግንዎ እየፈለግሁ እስከ ዛሬ አፍሬ ቀረሁ።"

አባቴ እጁን አልለቀቁትም። "የልጄን ትከሻ ሰብረህ ካሣ ሳትከፍል ነው የሄድከው" አሉት። "እሱ ትከሻውን ወጌሻ ጠገነለት። አንተ ሜዳውን ጠግንለት።"

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። እየቀለዱ ይሁን አይሁን ከእኔ ፊት ሊያነብ ነው። እኔም አላወቅሁም ነበር። ከዚያ ሦስታችንም ሳቅን፤ ያኔ ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ መጀመሪያ እጅ ለእጅ የተያያዝነው።

በሳምንቱ አይሱዙ ሙሉ የቡሬ ልጆች አካፋና ዶማ ይዘው መጡ። የኛ ከተማ ሰው ሲያያቸው ምን ጉድ ነው አለ። ቡሬ የእኛን ሜዳ ሲያጸዳ ፍኖተ ሰላም በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ አታይም፤ ረፋድ ሳይሆን ሜዳው በሰው ሞላ። ዲያቆኑ፣ አሁን ቄስ ሆኗል፣ ቀሚሱን በወገቡ ሸብ አድርጎ ድንጋይ በቃሬዛ ይሸከማል። ከከተማው ዳር ያሉ ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አምጥተው ከባድ ግንድ በሜዳው ላይ ጎተቱልንና አስተካከሉት። ፍርካሹ የወጣው በአንድ ቀን አይደለም፤ ሲመላለሱ ከረሙ። ምሳ ሽሮ ነበር። ለምን ሽሮ ብቻ ብሎ የጠየቀ አንድ የቡሬ ልጅ ነበር፤ ዲያቆኑ የመምህሩን ሕግ ከነምክንያቱ ተረከለት። ቄስ ቢሆንም ለእኔ ዛሬም ዲያቆኑ ነው።

አሰልጣኝ ሁን ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። ሱቅ አለኝ፣ ዕድሜዬም ሄዷል ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሥራውን እንደምችል አውቃለሁና እሺ አልኩ። የቀድሞ ልጆቻችን ጥቂቶቹ ብቻ ስለተገኙ ወደ ጅጋና ወደ ማንኩሳ ወጣሁ። ገበያ ለገበያ ስዞር ጨርቅ ብቻ ሳይሆን እግርም አይ ነበር። ከጅጋ በረኛ አገኘሁ፤ ከማንኩሳ ሁለት የገበሬ ልጆች፣ ቀኑን ሲያርሱ ውለው ማታ መሮጥ የማይደክማቸው። መሀል ተከላካይ ያደረግሁትን ልጅ፣ ኳሷን አትይ፣ ሰውየውን እይ አልኩት። ከማን እንደተማርኩት አልነገርኩትም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ባጸዱልን ሜዳ ላይ ራሳቸው ቡሬዎች አሸነፉን። አልከፋኝም፤ ቡድኔ ገና መሆኑን ከማንም በፊት አውቄው ነበር። በመልሱ አቻ ወጣን። ባለፈው የውድድር ዘመን ደግሞ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ከማንኩሳ ከመጡት ልጆች አንዱ በቴስታ አስቆጥሮ እዚያው ቡሬ ላይ ረታናቸው። ለአባቴ በስልክ ነገርኳቸው። ስንት ለስንት ብለው አልጠየቁም፤ የተጎዳ ልጅ አለ ወይ አሉ። የለም አልኳቸው። ታዲያ ምን ትፈልጋለህ፣ ቶሎ ኑ አሉኝ።

የቡሬው አሰልጣኝ ጎሏ ከጨዋታ ውጭ ናት ብሎ ዳኛውን እስከ ልብስ መቀየሪያው ተከተለው። እኔንም ይዞኝ እስከ መኪናችን ድረስ ተከራከረኝ። ጎሏ ንጹሕ እንደነበረች በዓይኔ አይቻለሁ፣ ነገርኩትም። አልተቀበለኝም። ለልጆቻችን ዳቦና ሙዝ በላስቲክ ጭኖልን፣ በመስኮቱ በኩል እየተከራከረ ሸኘን። አሁንም በደወለ ቁጥር፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ ነገሩን ከዚያችው ጎል ይጀምራል።